ከእንሰቱ ውስጥ የወጡት ሰዎች

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን በዕድሜዬ ማምሻ የምናገረው ትሕትና ለማሳየት አይደለም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ነጎድጓድ ሲያጓራ ነጠላዬን ተከናንቤ ጥግ እይዛለሁ። በር በኃይል ከተንኳኳ ከመክፈቴ በፊት የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ እጠራለሁ። ልጄ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ሳይነኩሽ ትጮኺያለሽ» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ያን ቀን እሷ ገና ጡት የምትጠባ ሕፃን ስለነበረች ምንም አታስታውስም። እናንተም ብትስቁብኝ አልቀየማችሁም፤ ብቻ መጀመሪያ ስሙኝ።

የተወለድኩት ዲላ ነው። አባቴ ከገበያው ዳር ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋ ነበር፤ በልጅነቴ እንቅልፍ የሚወስደኝ የመኪናውን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ግርማ የሚባል ልጅ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ሱሪው አላጠረም፤ የእሱ መመላለስ ግን በዛ። አባቴ ነገሩ ሲገባው «ይህ ልጅ ወይ ቁመቱ እያደገ ነው፣ ወይ ልቡ እዚህ ቀርቷል» አለ። በዓመቱ ተጋባን።

ግርማ የግራዝማች ተሰማ ልጅ ነበር። ግራዝማች ከይርጋጨፌ ወደ ጨለለቅቱ በሚወስደው መንገድ፣ ኮረብታ ላይ፣ ሰፊ የቡና መሬት የነበራቸው ባለርስት ናቸው። አባታቸው ከሸዋ መጥተው በንጉሥ ፈቃድ የተሰጣቸው መሬት ነው። ግራዝማች ግን እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ጠጅም ቆጮም ለምደው፣ የጌዴኦን ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻቸው እየተናገሩ ያደጉ ሰው ነበሩ። መሬቱን የሚያርሱት፣ ቡናውን የሚለቅሙት ጌዴኦዎች ጭሰኞቻቸው ናቸው። እኔ ከዚያ ቤት ስገባ ይህ ሁሉ ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ወራት የቀራቸው ነበር። ይህን የምናውቀው አሁን ነው። ያኔ የምናውቀው የለመድነው ነገር ሁሉ ከሥሩ እየተነቃነቀ መሆኑን ብቻ ነው። ራዲዮኑ ወታደሩ እንዲህ ጠየቀ፣ ሚኒስትሮቹ ተለወጡ ይላል። ወሬው እኛ ኮረብታ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀንድ አብቅሎ ነው። አንዱ መጥቶ «ከወንዙ ማዶ የባለርስት ቤት አቃጠሉ» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ሰውየው ራሱ ጥሎ ሸሽቶ ነው» ይላል።

ከዚያ ጭሰኞቹ ለቡናው ምንጣሮ መውጣት አቆሙ። ስድብ የለም፣ ዛቻ የለም፤ ዝም ብለው ቀሩ። ያስፈራን ዝምታቸው ነው። ቀጥሎ የቤት ሠራተኞቻችን አንድ በአንድ «እናቴ ታማለች» እያሉ ሄዱ። የሁሉም እናት ባንድ ሳምንት መታመሟ ገርሞኝ ብስቅ፣ አማቴ እትዬ በለጡ «ሳቂ፣ ሳቂ! የሚያስለቅስሽ እየመጣልሽ ነው» ብለው ተቆጡኝ።

አንድ ምሽት ግራዝማች ግርማን ጠሩት።

«ነገ በጠዋት ዲላ ውረድ። ለፖሊስ አመልክትና ሁለት ሦስት ሰው ይዘህ ና» አሉት።

«አባባ፣ ሰዎቹ እኮ ምንም አላሉንም» አለ ግርማ። «አንሠራም ነው ያሉት። ፖሊስ ካመጣንባቸው ነው ጠብ የሚጀመረው።»

«ቤትህ ላይ እሳት ሲለቀቅ ትነግረኛለህ!»

«ከነሱ ልጆች ጋር አይደል ያደግሁት? አሁን ወርጄ የጭሰኞቹን ሽማግሌ ጅግሶን ላነጋግረው።»

«እኔ ከጭሰኛዬ ጋር አልደራደርም» አሉ ግራዝማች፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ግርማ የአባቱን ቃል የሚሽር ልጅ አልነበረም። ማለዳ ሲነሳ የልጃችንን እግር ስሞ «ዛሬ ከአባትሽ ቤት አድሬ ነገ እመጣለሁ። አትፍሪ» አለኝ። ለፈሪ ሰው «አትፍሪ» ማለት ለተጠማ «አትጠማ» እንደማለት ነው።

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ደጅ ሳይ ዋልኩ። ቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ቀጥሎ ቁልቁል እስከ ወንዙ ድረስ እንሰትና ቡና ነው። እንሰቱ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ መንገዱ ላይ ሰው ሲመጣ የሚታየው ሜዳው ጫፍ ሲደርስ ነው። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ታውቃላችሁ፤ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ መደማመጥ አይቻልም። እትዬ በለጡ ከምድጃው አጠገብ የሽሮ እህል ይለቅማሉ፤ እኔ ልጄን አጠባለሁ። ግራዝማች በመስኮቱ መዝጊያ ቀዳዳ ወደ ውጭ እያዩ ቆመዋል።

በድንገት እጃቸውን አነሡ።

«ዝም በሉ» አሉ። ማንም አልተናገረም ነበር።

ከዝናቡ ድምፅ በታች ሌላ ድምፅ አለ። ከታች፣ ከወንዙ በኩል፣ የብዙ ሰው ጩኸት። ይነሣል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሣል። ቃሉ አይለይም።

«ምንድን ነው አባባ?»

«መጡ» አሉ።

ምንሽራቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ጥይት ሲያጎርሱ አንዱ አምልጧቸው ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እኔማ ልፍራ፤ እሳቸው ከፈሩ ግን ማን ያድነናል? ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስገባሁ። ሄድኩና በሁለተኛው መስኮት ስንጥቅ አጮለቅሁ።

ከእንሰቱ ውስጥ ሰዎች እየወጡ ነበር። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ብዙ፣ ከዚያ የሜዳው ጫፍ በሰው ጠቆረ። ጦር ይዘዋል። ከፊት ያሉት ጦራቸውን እየነቀነቁ ወደ እኛ ሮጥ ይሉና፣ መሬቱን በእግራቸው ደልቀው፣ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ተመልሰው እንደገና ይሮጣሉ። ከመካከላቸው የማውቃቸው ነበሩ። ባለፈው በዓል ማር ይዞልን የመጣውን ሰውዬ ለየሁት፤ ፊቱ በጭቃ ተለውሷል፣ አፉን ከፍቶ ይጮኻል። የማውቀውን ሰው እንዲያ ማየት ከማላውቀው ሰው ይልቅ አስፈራኝ።

«መሰላል ይዘዋል» አሉ እትዬ በለጡ ከጀርባዬ ሆነው። እውነትም ከመካከላቸው ብዙዎች ተጋግዘው የተሸከሙት ረጅም ነገር አለ፤ ሁለት ቋሚ እንጨት ከፊት ወጣ ወጣ ብሎ ይታያል፤ መሃሉን የሰው ጀርባ ጋርዶታል።

«ለምንድን ነው መሰላሉ?»

«ጣሪያው ላይ ወጥተው እሳት ሊለቁብን ነዋ!»

በዚያ ዶፍ ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ ማን ያቃጥላል? አሁን ስናገረው ያስቃል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኛ ግን እባቡንም አላየንም፣ ወሬውን ሰምተን ነው ከልጡ የምንሸሸው። ያን ሰዓት ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። ጭሱ ሁሉ ሸተተኝ፤ እምላለሁ፣ ሸተተኝ።

«ልጅቱን ይዘሽ በጓሮ ውጪ» አሉኝ እትዬ በለጡ። መጀመሪያ መንገዱን ልይ ብዬ የጓሮውን በር ከፈት ሳደርግ ከላይኛው መንገድ፣ ከቡናው መሃል፣ ሌሎች ሰዎች ሲወርዱ አየሁ። እነሱም ጦር ይዘዋል፤ እነሱም ወደ እኛ ቤት ነው የሚሮጡት። በሩን መልሼ ዘጋሁና ጀርባዬን አስደግፌ ቆምኩ። ተከበናል። ግርማ በዚህ ሰዓት ከፖሊሶቹ ጋር መንገድ ላይ ይሆናል፣ እግዚአብሔር ፍጥነት ስጠው ብዬ ጸለይኩ። ወዲያው ደግሞ አይምጣ፣ ባይመጣ ይሻላል፣ እሱ እንኳ ይትረፍ ብዬ ጸሎቴን ለወጥኩ።

ግራዝማች የምንሽሩን አፈሙዝ በመዝጊያው ቀዳዳ አወጡ።

«ተመለሱ!» ብለው በጌዴኦኛ ጮኹ። በዚያ ዝናብ ማን ይሰማል?

ተኮሱ።

ቤቱ በባሩድ ጭስ ተሞላ፤ ልጄ አልጋው ሥር ትጮኽ ጀመር። ጥይቱ ከሰዎቹ ራስ በላይ የእንሰት ቅጠል በጥሶ አለፈ። ሰዎቹ ይበተናሉ፣ ይሸሻሉ ብዬ ነበር። ባለጦሮቹ ጭቃው ላይ ተደፉ። መሰላሉን የተሸከሙት ግን እንደ ቆሙ ቀሩ። አንዱም አልጎነበሰም። ፊታቸውን ወደ መስኮታችን አድርገው፣ ዝናቡ በግንባራቸው እየወረደ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጥይት የማይመልሰው ሰው ምን ይመልሰዋል? በዚያች ሰዓት ማለቃችንን እርግጠኛ ሆንኩ።

ግራዝማች ሁለተኛ ጥይት አጎረሱ።

ያን ጊዜ ነው ዝናቡ ጋብ ያለው። እዚያ አገር ዝናብ እንደዚያ ነው፤ ሲመጣም ሲሄድም አያስጠነቅቅም። ጣሪያው ዝም ሲል የውጭው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ ገባ። ከወንዶቹ ኋላ፣ ገና እንሰቱ ውስጥ፣ የሴቶች ድምፅ ነበር። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል።

እትዬ በለጡ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። «ቆይ» አሉ። «ቆይ ግራዝማች፣ አይተኩሱ።»

«ዞር በይልኝ!»

«ሴቶች ናቸው። ሴት አስከትሎ ለጠብ የሚወጣ ማን ነው? ይስሙት እንጂ! ዕድሜዎን ሁሉ የሰሙት አይደለም እንዴ? ይሄ ለቅሶ ነው።»

ግራዝማች አፈሙዙን ሳያነሡ አዳመጡ። ጌዴኦ የሚከበር ሰው ሲሞት ወንዱ ጦሩን ይዞ፣ እየሮጠና እየተመለሰ፣ መሬት እየደለቀ ነው የሚያለቅሰው። ከየአቅጣጫው ተጠራርቶ ነው የሚመጣው። እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ አይቼው አላውቅም። እሳቸው ግን ስንቱ ለቅሶ ላይ ቆመዋል! ፍርሃት ያወቁትን ሁሉ አስረስቷቸው ነበር።

«የማን ለቅሶ?» አሉ ግራዝማች። «የማን ለቅሶ ነው ወደ እኔ ቤት የሚመጣው?»

ሦስታችን ተያየን። ግራዝማች አሉ፤ እትዬ በለጡ አሉ፤ እኔ አለሁ፤ ልጄ አልጋ ሥር ታለቅሳለች። ከዚያ ቤት ሰው የጎደለው አንድ ብቻ ነበር።

እስከዚያች ቅጽበት ፍርሃትን የማውቀው መስሎኝ ነበር። አላውቀውም ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ሰዎቹ የመጡት ሊገድሉን በሆነ ብዬ ተመኘሁ። እሳቱንም፣ ጦሩንም፣ መሰላሉንም ተመኘሁ።

«ማታለያ ነው» አሉ ግራዝማች፤ ድምፃቸው ግን የሳቸው አልነበረም። «ሊያስከፍቱን ነው።» አፈሙዙን አስተካከሉ። ከሰዎቹ መሃል አንድ ሽማግሌ ብቻውን ወደ ቤታችን መራመድ ጀምሮ ነበር። ጅግሶ ነው። ጦር አልያዘም፤ በሁለት እጁ ከመሬት የነጨውን እርጥብ ሣር ለሰላም ምልክት ወደ ፊት ዘርግቷል። የምንሽሩ አፈሙዝ ደረቱን ይከተለዋል።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። ማወቅ ነበረብኝ፤ አለማወቁ ከጥይቱ በለጠብኝ።

«ልጄ፣ አትምጣ! እዚያ ቁም!» አለኝ ጅግሶ በዚያ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛው። ከዚያ ከእኔ አልፎ ወደ መስኮቱ ጮኸ። «ግራዝማች! ተው! ልጅህ ነው! ልጅህን ነው ያመጣነው!»

በዕድሜው ሙሉ «ጌታዬ» ሲላቸው ኖሮ፣ ግራዝማችን «አንተ» ሲላቸው የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። መስኮቱ ውስጥ ምንሽሩ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ግራዝማች በባዶ እግራቸው ወጡ። ጭቃው ውስጥ ጅግሶ ፊት ቆሙና፣ እንደ ልመና ባለ ድምፅ፣

«በሕይወት አለ?» አሉ።

ጅግሶ መሬት መሬት እያየ «አልደረስንም» አለ።

ተሸካሚዎቹ ያን ጊዜ ተራመዱ። መሰላል ያልነው ቃሬዛ ነበር። ከሁለት የጫካ እንጨትና ከእንሰት ገመድ ተቸኩሎ የተሠራ ቃሬዛ። በላዩ ላይ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ የተኛው ባሌ ነበር።

ነገሩን በኋላ ቀስ በቀስ ሰማሁት። ዲላ ያሉት ፖሊሶች «እኛ ራሳችን የማንን ትእዛዝ እንደምንሰማ አናውቅም፤ ሂድና ቤትህን ጠብቅ» ብለው መልሰውታል። ባዶ እጁን በጭነት መኪና ላይ፣ ከዕቃው በላይ ተቀምጦ ሲመለስ፣ መኪናው ጭቃ አንሸራትቶት ከመታጠፊያው ላይ ተገለበጠ። ከገበያ ይመለሱ የነበሩ የእኛ አካባቢ ሰዎች ከጭነቱ ሥር ቆፍረው አወጡት። ትንሽ ይተነፍስ ነበር። ወደ ይርጋጨፌ ክሊኒክ ይዘውት እየሮጡ እያለ መንገድ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ፊታቸውን አዙረው፣ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወደ ቤቱ አመጡት። ኡኡታው ከኮረብታ ኮረብታ ሲሻገር የሰማ ሁሉ ጦሩን አንሥቶ ወጣ። ከላይ ሲወርዱ ያየኋቸውም ለቀስተኞች ነበሩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል የአገሬ ሰው። ግራዝማች የፈሩት ሌላ፣ የደረሰባቸው ሌላ ሆነ።

ለቅሶው እስኪያበቃ ዳሱን የጣሉት፣ ውሃ የቀዱት፣ ቆጮ እየጋገሩ ያበሉን እነዚያው ሰዎች ናቸው። ግራዝማች መሬት ላይ ከጅግሶ ጎን ተቀምጠው ዋሉ። ሰው ሲበተን እኛ ጭሰኞቹ አሁን ወደ ሥራ ይመለሳሉ ብለን ጠበቅን። አልተመለሱም። ሐዘናችንን ሊካፈሉ መጡ እንጂ ጭሰኝነታቸውን ሊቀጥሉ አልመጡም። ሁለቱ ነገር ለየብቻ መሆኑን ለመረዳት ግራዝማች ብዙ ወራት ፈጀባቸው። እኔም ቶሎ አልገባኝም፤ ከወደዱን ለምን አይሠሩልንም ብዬ አኩርፌ ነበር። ሰው ሊያለቅስልህ ይችላል፣ ግን ሊያገለግልህ ግዴታ የለበትም። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ለማወቅ ባሌን መቅበር ነበረብኝ።

ንጉሡ ወረዱ። መሬቱም ለአራሹ ሆነ። የግራዝማች ጓደኞች ዕቃቸውን ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ እሳቸው አልሄዱም። ለቤተሰብ በተፈቀደችው ቁራሽ መሬት ላይ፣ በስተርጅና፣ በገዛ እጃቸው ቡና ኮተኮቱ። መጀመሪያ ሰሞን መዳፋቸው ሲላላጥ እትዬ በለጡ ቅቤ እየቀቡላቸው ያለቅሱ ነበር። እኔ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ቡና ማጠቢያ ገባሁ፤ ከታጠበው ቡና ላይ የተበላሸውን ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ተቀመጥኩ። ከጎኔ የምትቀመጠው የጅግሶ ምራት ነበረች። የመጀመሪያውን ቀን እንዴት እንደፈራሁ ምን ልበላችሁ! ይስቁብኛል፣ ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ሰብሬ ዋልኩ። እሷ ግን ቀና ብላም ሳታየኝ «እጅህ ቀስ ይላል፤ እንዲህ አድርግ» ብላ አሳየችኝ። ቋንቋቸውንም፣ የቀሪ ሕይወቴን እንጀራም ያገኘሁት እዚያ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አገር ሲለወጥ፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ቤት ሲናወጥ መፍራታችሁ አይቀርም። አትፍሩ አልላችሁም፤ እኔ ራሴ ዛሬም እፈራለሁ። የምላችሁ ፍርሃታችሁ የነገራችሁን ሁሉ አትመኑ ነው። በፍርሃት ዓይን ቃሬዛ መሰላል ይመስላል። ያኔ ግርማ «ወርጄ ላነጋግራቸው» ያለውን ብንሰማው ኖሮ ዲላ አይሄድም ነበር። ከእኛ ቤት እስከ ጅግሶ ቤት ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው። ፍርሃታችን ረጅሙን መንገድ አስመረጠን።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጅግሶ ታሞ ሊሞት ሲል ልጠይቀው ሄድኩ። ልጄም አብራኝ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጤ የቀረ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ አፍሬ ሳልጠይቀው የኖርኩት። ጥይት ሲተኮስባችሁ ሌሎቹ መሬት ላይ ወደቁ፣ ቃሬዛውን የያዛችሁት ለምን አልወደቃችሁም? ለምንስ አልሸሻችሁም? አልኩት።

ጥያቄዬ ያልገባው ይመስል አየኝ።

«ልጃችሁ ትከሻችን ላይ ነበር» አለኝ። «የት ጥለነው እንሽሽ?»